ሞተሩን ከማስከፈትህ በፊት ቺንጋውን ቀይር

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሥራዬ ደሴ ስለሆነ በመካከሉ ያለውን የሐረጎን ዳገት ጠዋት እወጣለሁ፣ ማታ እወርዳለሁ። ታላቅ ወንድሜ ዱባይ ሲኖር በፈረንጆቹ 2007 የተሠራች ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ነበረችው። ወደ አገር ቤት ካስገባት በኋላ እሱ ወደ ካናዳ ሄደ፤ እሷም አዲስ አበባ ዘመድ ግቢ ውስጥ ለዓመታት ተሸፍና ቆመች። ዘንድሮ ‹ውሰዳት፣ ያንተ ናት፤ ሞተሩን ግን እንዳታስነካ› ብሎ ሰጠኝ። የተነዳችው 41 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ወንድሜ ‹ትበራለች› ሲላት የኖረች መኪና ዳገቱ ላይ እንደጠበቅኋት አትስብም። መካኒክ የሆነ አብሮ አደጌ ‹ቱርቦውን በትልቅ እንቀይር፣ ማርሚታውን እንክፈት፣ የሞተሩን ኮምፒውተር ደግሞ ላፕቶፕ ያለው ሰው ከአዲስ አበባ አምጥተን እንደገና እናስጽፍ፤ ከ300 የፈረስ ጉልበት በላይ ይሆንልሃል› ይለኛል። ለእጁ ዋጋ አይጠይቀኝም። ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ስለሆነ ሞተሩ ይችለዋል ባይ ነው። ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ ያልተነካ መኪና መነካካት ነውር ነው ይላል። ምን ይመክሩኛል?

ከኮምቦልቻ»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ሞተሩን አታስከፍት፤ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ቱርቦም አትቀይር። ለጊዜው በፍጹም፣ መኪናዋ ኮምቦልቻና ደሴ መካከል እስከዋለች ድረስ ደግሞ ምናልባት መቼም። ይህን የምልህ የሁለተኛውን ጓደኛህን ሐሳብ ስለምጋራ አይደለም። መኪና ቅርስ አይደለችም፤ ባለቤቷ በገንዘቡ ያሻውን ቢያደርግባት ነውር የለበትም። እኔ የምቃወመው አብሮ አደግህ ያቀረበልህን ሥራ ነው። የምትነዳበትን አየር፣ የምትቀዳውን ቤንዚንና የመኪናዋን ዕድሜ ሳያስብ ያቀረበው ሥራ ነውና። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንተ ያማረርህበትን ነገር አያድንም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል።

መጀመሪያ ስለ ኪሎ ሜትሩ። «41 ሺህ ብቻ ነው» የሚለው ነገር ስለ ብረቱ ከሆነ እውነት ነው። ፒስተኑ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ብሮንዚናው፣ ኮሎው ገና ብዙ ዕድሜ ይቀራቸዋል። ላስቲክና ፕላስቲክ ግን ኪሎ ሜትር አይቆጥሩም፤ የሚያረጁት በዓመት ነው፤ ሙቀት፣ ብርድና ያለ ሥራ መቆም ያደርቃቸዋል፣ ይሰነጥቃቸዋል። ያንተ መኪና ከፋብሪካ ከወጣች ከ17 ዓመት በላይ ሆኗታል፣ ከዚህም ውስጥ ለዓመታት ቆማ አሳልፋለች። ስለዚህ በእጅህ ያለችው በብረቷ ልጅ፣ በላስቲኳ ግን ጠና ያለች መኪና ናት።

ይህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው በታይሚንግ ቺንጋው ላይ፣ ማለትም አየርና ጭስ የሚያስገቡና የሚያስወጡትን ባልቦላዎች ከፒስተኖቹ ጋር አስማምቶ በሚያሠራው የላስቲክ ቀበቶ ላይ ነው። ሱባሩ ለአሜሪካ ገበያ ባወጣው መመሪያ ይህ ቺንጋ በ105 ሺህ ማይል፣ ማለትም በ169 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወይም በ105 ወር ይቀየራል፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይሠራል። በኪሎ ሜትር ከቆጠርህ ሩቡን ያህል ነው የሄድኸው። 105 ወር ግን ዘጠኝ ዓመት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ጊዜው ካለፈ ብዙ ቆይቷል። ቺንጋው ሐረጎ ላይ ቢበጠስ ወይም ጥርሱ ቢዘል መኪናዋ በመቆም ብቻ አትቀርም፤ ባልቦላዎቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፣ ይታጠፋሉም። 41 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ ሞተር በአንድ ሰኮንድ ውስጥ ቴስታታው (ባልቦላዎቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) መውረድ ያለበት ሞተር ይሆናል። ስለዚህ ለቱርቦ ብለህ ከያዝኸው ገንዘብ መጀመሪያ የሚወጣው ለቺንጋው ነው። ከእሱ ጋር ማጥበቂያው፣ ቺንጋው የሚንከባለልባቸው ሮለሮችና የውሃ ፓምፑ አብረው ይቀየሩ፤ ሁሉም ያሉት እዚያው ስለሆነ ሁለት ጊዜ መፍታት ኪሳራ ነው። ይህ ሞተር ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ የተኙ፣ በአራት ካም ዘንግ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ሥራውን የምትሰጠው ሰው ከዚህ በፊት በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ቺንጋ ያሠረ መሆን አለበት። አብሮ አደግህ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ እጁ የለመደው ቶዮታ ከሆነ ግን ይህንን አይማርብህ።

ቺንጋው ከታሠረ በኋላ «አትስብም» ወዳልኸው እንምጣ። ከደብዳቤህ ውስጥ የሁሉ ነገር ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ነገር ሳይሆን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። መኪናዋ ታማ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጤነኛ ሆና አየሩ ቀንሶባት ይሆናል። ጉልበት ለመጨመር የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የቱ እንደሆነ ማወቅ አለበት። የታመመን ሞተር ጉልበት መጨመር በሽታውን መቀስቀስ ነው።

ሕመም ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው። ለዓመታት ታንከር ውስጥ የተኛ ቤንዚን ይበላሻል፣ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭም ይተዋል፤ ካልተደፋ ይደፋ፤ የነዳጅ ፍልትሮውም ይቀየር። ካንዴላዎቹ የፋብሪካዎቹ ከሆኑ ጊዜያቸው አልፏል። ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያሉት የላስቲክ ቱቦዎችና መጋጠሚያዎች ከተሰነጠቁ ቱርቦው የጨመቀው አየር መንገድ ላይ ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ የለካው አየርና ሞተሩ የደረሰው አየር አይገናኙም። ይህንን በጆሮ መፈለግ ይከብዳል፤ ጭስ ወደ መስመሩ ነፍቶ ከየት እንደሚወጣ ማየት ግን ሐቀኛ መልስ ይሰጣል። በመጨረሻ የአራቱም ሲሊንደር ኮምፕረሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲጨምቅ የሚፈጥረው ግፊት፣ ይለካ። ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተሩ ጤነኛ ነው። አንዱ ብቻውን ወርዶ ከተገኘ የጉልበት ነገር እዚያው ላይ ያበቃል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ መኪናዋ አሁንም ዳገቱ ላይ ከከበዳት ችግሩ እሷ ውስጥ የለም፤ ከፍታው ነው።

ወንድምህ «ትበራለች» ያላት መኪና የምትበረው ባሕር ዳርቻ ላይ ነበር። ዱባይ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አትልም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት ኮምቦልቻ ላይ በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል፣ ደሴ ላይ 75 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ቤንዚንና አየር ነው። አየሩ በሩብ ሲቀንስ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ቱርቦ ይህንን ይክሳል፤ ግን የሚክሰው ከተነሣ በኋላ ነው። ከመነሣቱ በፊት፣ ማለትም ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ በእጅህ ያለው 2.5 ሊትር ተራ ሞተር ነው፤ ያውም ለቱርቦ ተብሎ መጭመቂያው ዝቅ የተደረገ፣ በቀጭን አየር የሚተነፍስ። ሐረጎ ኩርባ ላይ ቀንሰህ፣ በሦስተኛ ማርሽ በ2,000 ዙር ነዳጅ ስትረግጥ የሚሰማህ ድካም ይህ ነው።

አሁን ትልቅ ቱርቦ ምን እንደሚያደርግ አስብ። የሚከብድ፣ ብዙ የጭስ ግፊት የሚፈልግ፣ ስለዚህ ዘግይቶ የሚነሣ ነው። የዛሬው ቱርቦህ በ3,000 ዙር አካባቢ የሚሰጥህን ትልቁ ከዚያ ወዲያ ብዙ ዙር ጠብቆ ይሰጥሃል። በዚያ መካከል ያለው ባዶነት ይሰፋል። 300 ፈረስ የሚባለው ቁጥር የሚገኘው ዙሩ ከፍተኛ ሲሆን ነው፤ በኩርባው፣ በባጃጁና በፍየሉ መካከል እዚያ ዙር ላይ ለመድረስ መንገድ የለህም። ሞተሩን የማይነካ፣ ገንዘብም የማያስወጣ መድኃኒት ግን አለ፦ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ቀንስና ዙሩን ከ3,000 በላይ ይዘህ ውጣ። ወንድምህ ያወራልህን መኪና ያን ጊዜ ታገኛታለህ።

ቱርቦው ራሱ ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ ከዱባዩ የበለጠ እየለፋ ነው። በባሕር ጠለል 1 ባር የሆነውን አየር ወደ 2 ባር ለማድረስ እጥፍ መጭመቅ ይበቃል። ደሴ ላይ መነሻው 0.75 ባር ስለሆነ እዚያው 2 ባር ለመድረስ 2.7 እጥፍ ያህል መጭመቅ አለበት። ይህም ማለት በፍጥነት ይሽከረከራል፣ አየሩንም ያግላል። የመግቢያው አየር ሙቀት እኩል ነው ብለን ብናስብ፣ በዚህ ብቻ ከቱርቦው የሚወጣው አየር 40 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያም በላይ ተጨማሪ ሙቀት ይይዛል። የሱባሩ መሐንዲሶች ይህንን ስለሚያውቁ ኮምፒውተሩ የውጭውን የአየር ግፊት እየለካ ከፍታ ላይ ቱርቦው የሚጨምቀውን ራሱ ዝቅ እንዲያደርግ አድርገዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው በላፕቶፑ የያዘው ፋይል ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ መኪና፣ ለሌላ አገር ቤንዚን ተጽፎ የተቀመጠ ከሆነ ያንን ጥንቃቄ ሊያጠፋብህ ይችላል። ጥያቄህ «ስንት ፈረስ ትጨምርልኛለህ?» መሆን የለበትም። «የውጭ ግፊት ማስተካከያውን ምን ታደርገዋለህ? እኔ በምቀዳው ቤንዚን፣ እዚህ ዳገት ላይ ከጎኔ ተቀምጠህ እየለካህ ትጽፋለህ?» ብለህ ጠይቀው። ለዚህ ቀጥተኛ መልስ የሌለው ሰው መኪናህን አይንካ።

ስለ ቤንዚኑም ልንገርህ። አውሮፓ ያለ ባለ ሱባሩ ማደያ ገብቶ 95 ወይም 98 ኦክቴን ይመርጣል። አንተ ምርጫ የለህም፤ «ቤንዚን» የሚባለውን፣ ያውም ሲገኝ፣ ትቀዳለህ። ሳይገኝ ሲቀር ደግሞ መንገድ ዳር በጀሪካን የቆመውን ትገዛ ይሆናል። ያ ቤንዚን ስንት ቀን እንደተቀመጠ፣ ነጭ ጋዝ ይደባለቅበት አይደባለቅበት ማንም አይነግርህም፤ ነጭ ጋዝ ሲገባበት ኦክቴኑ ይወርዳል። ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ሲጨመቅና ሲሞቅ ካንዴላው ሳያዘው እንዳይፈነዳ የሚያሳየው ትዕግሥት ነው። ትዕግሥቱ ካለቀ ሞተሩ ያንኳኳል። በዚህ ሞተር ላይ መንኳኳት የሚሰብረው የት እንደሆነ በዓለም ያሉ የሱባሩ መካኒኮች ያውቁታል፦ ፋሻዎቹ የሚቀመጡበት የፒስተኑ ጠርዝ ነው። የፋብሪካው ፒስተኖች የተቀረጹት በማፍሰስ ነው፤ ለፋብሪካው ጉልበት ይበቃሉ፣ ተደጋጋሚ መንኳኳትን ግን አይችሉም። ጠርዙ ሲሰነጠቅ ኮምፕረሽን ይወርዳል፣ መኪናዋም በአንድ ሲሊንደር ሰማያዊ ጭስ ይዛ ትቀራለች።

ይህ አደጋ የት ሊደርስብህ እንደሚችል ልንገርህ። የመኪናህ ኢንተርኩለር፣ ማለትም ቱርቦው ያጋለውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ ሞተሩ ላይ ተኝቷል፤ የሚቀዘቅዘውም በኮፈኑ ቀዳዳ በሚገባ ነፋስ ነው። ከኮምቦልቻ ስትወጣ አንድ የጫነ ሲኖትራክ ፊትህ ይገባል። በቀርፋፋ ማርሽ እየተከተልኸው ትወጣለህ፤ ነፋስ የለም፣ ከታች የሞተሩ ሙቀት ኢንተርኩለሩን ይጠብሰዋል። ከዚያ መንገዱ ይከፈትና ለመቅደም ነዳጁን እስከ መጨረሻው ትረግጣለህ። ኢንተርኩለሩ በጣም የጋለው፣ ቱርቦው በጣም የሚለፋው፣ ከሞተሩም ከፍተኛውን ጉልበት የምትጠይቀው በዚያች ቅጽበት ነው። የፋብሪካው ኮምፒውተር ለዚህ ቅጽበት የሚሆን መጠባበቂያ ትቷል። «300 ፈረስ» የሚመጣው ያንን መጠባበቂያ ከመብላት ነው።

ምን ያህል መጠባበቂያ እንዳለህ ደግሞ መገመት አያስፈልግህም፤ ይለካል። የሱባሩ ኮምፒውተር ቤንዚኑን ምን ያህል እንደሚያምነው የሚመዘግብባት ቁጥር አለች። ሙሉ እምነት ሲኖረው ቁጥሯ 1 ናት። መንኳኳት ሲደጋገምበት ዝቅ ያደርጋታል፣ ካንዴላውም እሳቱን ዘግየት አድርጎ እንዲሰጥ ያዛል። ተራው የስህተት ኮድ ማንበቢያ ይህችን ቁጥር አያሳይም፤ ሱባሩን የሚያነብ ኬብልና ላፕቶፕ ያለው ሰው ግን በአጭር ጊዜ ያወጣታል። ያ የአዲስ አበባ ሰው ይምጣ ካልህ፣ ፋይል ሊጽፍ ሳይሆን ይህችን ሊያነብ ይምጣ። መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች ሆና፣ በእኛ ቤንዚን፣ ቁጥሯ ከ1 በታች ከሆነች፣ ሞተሩ አሁን ያለውንም ጉልበት ሙሉ በሙሉ ለመስጠት የቤንዚኑ ጥራት አልበቃውም ማለት ነው። ከዚህ ላይ መጨመር አይታሰብም።

«ታዲያ ፍልትሮውንና ማርሚታውን ብቻ ብቀይርስ?» ብለህ እንደምታስብ እገምታለሁ፤ ብዙ ሰው እዚያ ይጀምራልና። ፍልትሮው ቀላል ይመስላል። ግን በዚህ መኪና አየሩን የሚለካው ሴንሰር የተቀመጠው በፍልትሮው ቤት መውጫ ላይ ነው፤ የቱቦው ስፋት ሲቀየር ንባቡ ይሳሳታል፣ ሞተሩም ቤንዚን ሲያንሰው ኮምፒውተሩ አያውቅም። በዚያ ላይ ክፍት ፍልትሮ ለኮምቦልቻ አቧራ አይሆንም። ማርሚታውን ከቱርቦው ጀምሮ መክፈት ደግሞ ጭሱ በቀላሉ እንዲወጣ ስለሚያደርግ ቱርቦው ከታዘዘው በላይ እንዲጨምቅ ሊያደርገው ይችላል። ሁለቱም ኮምፒውተሩ ሳይስተካከል የሚሠሩ አይደሉም። ከመጨረሻው የድምፅ ማፈኛ ላይ ድምፁን ብቻ ብትለውጥ ሞተሩን አትጎዳም፤ ጎረቤትህን ግን በጠዋት ትቀሰቅሳለህ፤ እኔ አልወደውም።

ፒስተኖቹን በጠንካራ መቀየር፣ ማለትም ሞተሩን አውርዶ መክፈት፣ የሚባለውን በአጭሩ ልለፈው። ይህ ሞተር ሲከፈት ክፍተቶቹ በሚሊ ሜትር መቶኛ ይለካሉ። ያንን የሚለካ መሣሪያና ንጹሕ ቤት ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል። ጠንካራዎቹ፣ ተቀጥቅጠው የተሠሩት ፒስተኖች ሰፋ ያለ ክፍተት ስለሚፈልጉ በጠዋት ብርድ ሞተሩ እስኪሞቅ ድምፅ ያሰማሉ፣ ዘይትም ሊበሉ ይችላሉ። ፋብሪካው ያሠረውና ገና ያልተበላ ሞተር በእጅህ እያለ ይህንን መግዛት ጥሩውን ሰጥቶ የሚያጠራጥረውን መቀበል ነው። በዚያ ላይ ካምቢዮው አለ። የደብሊው አር ኤክስህ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ በጥንካሬው አይታወቅም፤ ባለ ስድስት ማርሹ የታላቅ ወንድሟ የኤስ ቲ አይ ነው። የሞተሩን ጉልበት ስትጨምር ጥርሱ የሚረግፈው እሱ ነው።

አሁን ስለ ምትክ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ይህች መኪና ብትበላሽ ተመሳሳይ አምጥተህ አትተካትም። የሱባሩ መለዋወጫ ደግሞ እንደ ቶዮታው በየሱቁ አይገኝም፤ ወይ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ትፈልጋለህ፣ ወይ ከዱባይ ታስመጣለህ። ሞተር እስከ መቀየር ከደረስህ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ስላለ የምዝገባውም ጣጣ ይከተልሃል። መድን ድርጅቱም ሳይነገረው በተጨመረ ጉልበት ለደረሰ አደጋ ላለመክፈል ምክንያት ያገኛል።

ለቱርቦ ያሰብኸውን ገንዘብ በሙሉ አስቀምጠው አልልህም። ከቺንጋው ቀጥሎ የሚገባበት ቦታ አለ፤ ለእኔ ከሞተሩ ይልቅ ይህ ያሳስበኛል፦ አንተ ይህንን ዳገት ማታ ማታ ትወርደዋለህ። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 4 ዘይት የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ እርጥበት ሲይዝ መስፈርቱ ራሱ እስከ 155 ዲግሪ ይወርድለታል። ለዓመታት በቆመች መኪና ውስጥ ያለው ዘይት ምን ዓይነት እንደሆነ አስበው። ቁልቁለቱ መሐል ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ ፍሬን የለም። በዚያ መንገድ ተማሪዎች በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ባጃጆች ከየጥጉ ይገባሉ። ዘይቱ በሙሉ ይቀየር፣ የፍሬን ሸራዎቹና ቱቦዎቹ ይታዩ፤ ስትወርድም በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ከዚያ ጎማዎቹን ተመልከት። ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ 3207 ቢል በ2007 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ምንም ያህል ቢኖረው እንዲህ ያለ ጎማ ክረምት ላይ እርጥብ አስፋልት አይጨብጥም። በአራቱም እግሯ የምትስብ መኪና ኖሮህ በደረቀ ጎማ መሄድ ያሳዝናል።

ራዲያተሩ ውስጥ ያለውንም አትርሳ። ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሞተሩ ከዚያ በላይ ሞቆ የሚሠራው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ስለሚያቆየው ነው። ክዳኑ አዲስ ይሁን፣ ውስጡም የቧንቧ ውሃ ሳይሆን ትክክለኛው ማቀዝቀዣ ይግባ። ዘይቱንም ቶሎ ቶሎ ቀይር፣ መጠኑንም በየጊዜው እይ፤ ይህ ሞተር ዘይት የመብላት አመል አለው። ወደ ቱርቦው ዘይት የሚወስደው ቧንቧ መጋጠሚያ ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች፤ በቆሸሸ ዘይት ትደፈናለች፣ ቱርቦውም ይደርቃል። መካኒኩ ፈትቶ ያሳይህ።

ወንድምህን በተመለከተ፣ «ያንተ ናት» እና «እንዳታስነካ» ያላቸው ሁለቱም ከልቡ ናቸው። ሊብሬው ገና በስሙ ከሆነ፣ እገምታለሁ በስሙ ነው፣ በሕግም የእሱ ናት። ደብቀህ አስነክተህ አንድ ቀን ሞተሩ ቢፈነዳ የምታጣው መኪና ብቻ አይሆንም። ደውልለትና ያስቀየርኸውን ሁሉ ንገረው፤ ስም ማዛወሪያ ውክልናውንም ጠይቀው። ምናልባትም ዱባይ እያለ ምን እንዳስቀየረላት፣ የትኛውን ዘይት ይጠቀም እንደነበር የሚነግርህ እሱ ብቻ ነው።

አብሮ አደግህን ደግሞ አታሳፍረው። በነጻ ሊሠራልህ የተነሣው ስለሚወድህ ነው፣ በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ እጁን ለማስገባት መጓጓቱም የሥራ ፍቅር ነው። ፍሬኑን፣ ዘይቱን፣ ካንዴላውን፣ የላስቲክ ቱቦዎቹን ስጠው። በዚህ መኪና ካንዴላ መፍታት ራሱ ጠባብ ሥራ ነው፤ ይወደዋል። ዋጋውንም ክፈለው። በነጻ የተሠራ ሥራ ሲበላሽ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ያስቸግራል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ፣ ክረምትና በጋን ነድተሃት፣ አሁንም ጉልበት ካማረህ አንድ በር ክፍት ነው። ቱርቦውም ፒስተኑም እንዳሉ ሆነው፣ ኮምፒውተሩ ብቻ፣ የቱርቦው ግፊት ሳይጨምር፣ እዚሁ ዳገት ላይ በእኛ ቤንዚን እየተለካ ሊስተካከል ይችላል። ትርፉ ትንሽ ነው፤ የፋብሪካው ፋይል ከተቀመጠ ግን በፈለግህ ቀን ይመለሳል። ላፕቶፕ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ፋይል ገልብጦ ካልሰጠህ ሥራውን አታስጀምረው።

እስከዚያው ሁለት ነገር ላክልኝ፦ የአራቱን ሲሊንደር የኮምፕረሽን ልኬትና ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችውን ቁጥር። ልኬቶቹ ከተቀራረቡ፣ ቁጥሯም ሐረጎን ደጋግመህ ከወጣህ በኋላ 1 ላይ ከጸናች፣ ማንን ምን እንደምትጠይቅ ዝርዝሩን ጽፌ እመልስልሃለሁ። ቺንጋው ሳይቀየር ግን ሐረጎን አትውጣባት፤ ለሥራ ለጊዜው ሚኒባስ ያዝ።